በሰዓዳ ስም የተመዘገበው ሕመሜ

ሳል ይዟችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ «የኤሲ ብርድ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ብዙዎቻችሁ ጽሑፉን ሳትጨርሱ አሠሪያችሁ፣ ማዳም፣ ትጠራችኋለችና። ጊዜ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምጽፈው ስለ በሽታው ብቻ አይደለም፤ በሽታውስ ከአላህ በታች በመድኃኒት ድኗል።

ከወረባቦ ወጥቼ ጅዳ ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አራቱን ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ሠራሁ። ከዚያ በስሙ ካስመጣኝ አሠሪ፣ ከከፊሌ ጋር ሳንስማማ ቀረንና ወጣሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴም፣ ኢቃማዬም፣ ሳይታደስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰቢል በሚባል የጅዳ ሰፈር ውስጥ ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ እኔ በሰዓት ቤት እያጸዳሁ እኖራለሁ። ረመዳን ሲገባና የዑምራ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ መካ እሄዳለሁ። ኩዳይ በሚባለው ሰፈር ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዱ አንሶላ እቀይራለሁ።

ሳሉ የጀመረኝ እዚያው ኩዳይ ነው። በዚያ ሰሞን ኩዳይ ውስጥ የማያስል ሰው የለም። እንግዳው ከየአገሩ ጉንፋኑን ይዞ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ የተኛበትን አንሶላ ሰብስበን እናራግፋለን። ስለዚህ ማንም አላየኝም፤ እኔም ራሴን አላየሁትም። አሳንሰሩ ለእንግዳ ስለሆነ አንሶላውን ተሸክመን የምንወጣው በደረጃ ነው። ድሮ ስድስት ፎቅ ስወጣ ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቅሁ ነበር። ያን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ተቀምጬ ግድግዳ መደገፍ ጀመርሁ። «ጾሙ ነው» አልሁ። ዒድ አልፎም «ጾሙ ነው» እያልሁ ነበር።

ጅዳ ስመለስ ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኛል። ኤሲው እላዬ ላይ እየነፈሰ ላብ ያጠምቀኛል፤ ጠዋት ስነሳ ፍራሼን እገለብጠዋለሁ፣ ሴቶቹ እንዳያዩብኝ። መጀመሪያ ፋርማሲ ገብቼ የሳል ሽሮፕ ገዛሁ። ቀጥሎ ሰቢል ካሉት ትናንሽ የግል ክሊኒኮች አንዱ ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ ሥራዬን ጠየቀኝ፣ ክሎሮክስ፣ ማለትም በረኪና፣ እንደምጠቀም ነገርሁት፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ሐሳሲያ» አለና ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ጻፈልኝ። አለርጂ ማለቱ ነው። ሌላኛው ክሊኒክ መርፌና እንክብል ሰጠኝ፤ አንድ ሳምንት ቀለል ብሎኝ መልሶ ባሰብኝ። ክፍላችን ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ «ዓይን ነው» ብለው ቁርኣን የተቀራበት ዘምዘም አጠጡኝ። እነሱን አልወቅስም። ከሐኪሞቹ ሁሉ ግንባሬን በእጃቸው የነኩኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን የማጸዳው ቤት መታጠቢያ ላይ ጎንበስ ብዬ ስስል ደም ወጣኝ። ትንሽ ነው። የሰው መታጠቢያ ስለሆነ በክሎሮክስ አጠብሁትና ሥራዬን ቀጠልሁ።

በማግስቱ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ድሮ፣ ኢቃማ እያለኝ፣ ቤት ውስጥ የምንሠራ ሴቶች እዚያ በነፃ እንታከም ነበር። በጠዋት ሄዶ ካርዱን ሰጥቶ፣ ቁጥር ይዞ መቀመጥ ነው። አሁን ነገሩ ተለውጧል። ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ በኢቃማሽ ቁጥር የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የሚስጥር ቁጥር ይላክልሻል፣ እሱን ታስገቢያለሽ፣ ቀንና ሰዓት ይሰጥሻል። ወረቀት ላለው ሰው እጅግ ቀሏል፤ ተሰልፎ መዋል ቀርቷል። ለእኔ ግን በሩ ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቆልፎብኛል።

ዘበኛው ገና ከሩቅ አየኝና «መውዒድ?» አለኝ። ቀጠሮ አለሽ ወይ ነው።

«የለኝም። ደም እያሳለኝ ነው።»

«ማፊ መውዒድ፣ ማፊ ዱኹል።» ቀጠሮ ከሌለ መግባት የለም። ቀጥሎም በር ላይ የተለጠፈውን ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን በጣቱ አሳየኝ፣ በስልኬ እንዳነሳው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጥላው ውስጥ እንድቀመጥና ውሃ እንድጠጣም ፈቅዶልኛል። «ድንገተኛ ሆስፒታል ሂጂ» ብሎም መክሮኛል። እኔ ግን በትልቅ ሆስፒታል በር ላይ ፖሊስ ይኖራል ብዬ ፈራሁና ወደ ክፍሌ ተመለስሁ።

ሰዓዳ የአገሬ ልጅ ናት። በአንድ አውሮፕላን መጣን፤ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ አልለቅ ያለችኝ እሷ ናት። እኔ ከከፊሌ ቤት ስወጣ እሷ አንዲት ማዳም ዘንድ ጸንታ ኢቃማዋን በየጊዜው እያሳደሰች ኖረች። ሱቅ ስትላክ ብቅ ብላ ታየኛለች። ያን ዕለት መጥታ መሐረቤን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ራህማ! ይሄ ደም አይደል?»

«ጉሮሮዬ ተላጦ ነው።»

«ዝም በይ! ኸላስ፣ በኔ ኢቃማ ትሄጃለሽ። ያላ፣ አሁን ቀጠሮ እንይዛለን።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እኛ ዘንድ ኢቃማ መዋዋስ የሠርግ ቀሚስ እንደመዋዋስ ነው። ማንም እንደ ወንጀል አያየውም፤ እንዲያውም የማያውስ ሰው ይታማል። ፊታችን በኒቃብ የተሸፈነ ነው፤ የፎቶው ሰዓዳና እኔ ደግሞ ሁለታችንም ጠይም፣ ሁለታችንም ቀጭን ነን። «ለነሱ ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው» ብለን ሳቅን። የሚስጥር ቁጥሩ በሰዓዳ ስልክ መጣ፣ ቀጠሮው ተያዘ፣ ካርዱን ሰጥታኝ ሄደች። እሷ ከቤት ብዙም ስለማትወጣ ካርዱ እኔ ዘንድ ቀረ።

በቀጠሮው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። ስሟ ሲጠራ የእኔ ስላልሆነ ዝም አልሁ። ሦስተኛ ሲጠራ አጠገቤ የተቀመጡ የመናዊት አሮጊት «አንቺን አይደለም ወይ?» ብለው በክርናቸው ነኩኝ። ከውሸቱ ጋር ገና አልተላመድሁም ነበር።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። አስቀምጣ ጠየቀችኝ፣ ጀርባዬን ሰማች፣ ራጅ አዘዘች፣ ሦስት ጠዋት አክታ አምጪ አለችኝ። ከዚያ አስጠርታ «ደረን ነው» አለችኝ። ቃሉን አላወቅሁትም። በእጇ ደረቷን እየጠቆመች፣ ቀስ እያለች አስረዳችኝ። ሲገባኝ አማርኛው በራሱ መጣልኝ፦ ሳንባ ነቀርሳ። እኛ መንደር በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ቤት ዕቃው ተለይቶ ይቃጠል ነበር። አለቀስሁ።

«አታልቅሺ፣ ይድናል» አለችኝ። «ስድስት ወር መድኃኒት ነው። አንድም ቀን አይዘለልም። በየቀኑ እዚህ መጥተሽ ነርሷ ፊት ትውጫለሽ። ሽንትሽ ቀይ ይሆናል፣ አትደንግጪ፤ ከመድኃኒቱ ነው።»

በዚያው ቀን ጀመርሁ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ መልስ፣ እሄዳለሁ። ነርሷ አራት እንክብል በትንሽ ኩባያ ታቀርባለች፣ እውጣለሁ፣ አፌን ከፍቼ አሳያለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ትፈርማለች። ይህ ሁሉ በሰዓዳ ስም ነው። ክፍሌን ለቅቄ ፔትሮሚን በሚባል ሰፈር ጋራዥ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ከድር ያገኘልኝ አንዲት ጣራ ላይ ያለች ክፍል ገባሁ፣ ሰው እንዳልበክል። ከድር በየማታው ሾርባ በር ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ዳንሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን አልቆየም።

እኛ ያላወቅነው ነገር ነበር። የሰዓዳን ፋይል ድሮ ያስከፈተችላት ማዳሟ ናት፤ የማዳሟ ስልክ ቁጥርም እዚያ ላይ ነበር። ይህ በሽታ ሲገኝ ደግሞ ከታማሚው ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሁሉ ይመረመራል። ከጤና ጣቢያው ደውለው «ሠራተኛሽ ሳንባዋን ታማለች፤ ልጆቹን አምጪያቸው» አሏት።

ሰዓዳ ደወለችልኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

«ራህማ፣ ጣራ ላይ አውጥታኛለች። ሳህኔን ለየችው። ልጆቹን ይዛ ሐኪም ቤት ሮጠች።»

«ያ ረቢ! ንገሪያት፣ እኔ ነኝ በያት!»

«ምን ብዬ? ኢቃማዬን አዋስሁ ልበል? እኔም አንቺም ተርሒል ነን።» ተርሒል የሚባለው ወደ አገር የሚመልሱበት እስር ቤት ነው። «አንቺ መድኃኒትሽን ጨርሺ። አብሽሪ፣ እኔ ምንም አልሆንም።»

ከድርን ጠየቅሁት። «ዝም በይ» አለኝ። «ከተናገርሽ ይይዙሻል። ከተያዝሽ መድኃኒቱን ማን ይሰጥሻል? ሞተሽ ለሰዓዳ ምን ልትጠቅሚያት ነው?» ንግግሩ ልክ መሰለኝ። ልክ እንዲመስለኝም ፈልጌ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ዝም አልሁ። እሷ ጤነኛዋ ጣራ ላይ እንደ በሽተኛ፣ እኔ በሽተኛዋ ደግሞ እየደለብሁ። አሥራ አንዱን ቀን ቆጥሬ የምጽፈው በማንም ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ስለምመሰክር ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ሄድሁ። ነርሷ ወረቀቱን ገልጣ አየችኝ።

«አንቺ የዛሬውን ጠዋት ወስደሻል።»

«አልወሰድሁም።»

«ይኸው፣ የጠዋቷ ነርስ ፈርማለች። የትናንትናውንም።» የትናንትናውን ለሁለተኛ ጊዜ የሰጠችኝ ልብ ሳትል እንደነበር ገብቷት ተቆጣች። «በቀን ሁለቴ ጉበትሽን ያጠፋዋል!»

ምን እንደሆነ ገባኝ። ወጥቼ ግድግዳ ጥግ ቆሜ ለሰዓዳ ደወልሁ።

«ሰዓዳ፣ ጤና ጣቢያ መጥተሽ ነበር?»

«ማዳም አመጣችኝ» አለች። «መድኃኒትሽን ስትውጪ በዓይኔ ማየት አለብኝ፣ አለዚያ ቤቴ አትኖሪም አለች። አጠገቤ ቆመች። ዋጥሁት።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም። ሁለት ቀን ሆነኝ።» ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። «ራህማዋ፣ ሽንቴ ደም ሆነ። ምን ሆኜ ነው? በአላህ ይዤሻለሁ፣ ልሞት ነው?»

እኔን ሐኪሟ አትደንግጪ ብላኛለች። ለእሷ ማንም አልነገራትም። አንዲት ጤነኛ ሴት ምስጢሬን ልትጠብቅ የእኔን መርዝ ስትውጥ፣ ደም ሸናሁ ብላም ስትፈራ፣ አፏን አልከፈተችም። አፈርሁ። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። አገር ቤት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔ ደብቄም መድኃኒት አግኝቼ ነበር፤ የተደበቅሁት ግን ሰው ጀርባ ነው።

«አትሞቺም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው» አልኋት። «ነገ ጠዋት እንገናኛለን። ምንም አትዋጪ።»

በማግስቱ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርሁ። ከድር እስከ መንገዱ አጅቦኝ፣ ያ ሁሉ ምክሩ ቀርቶ፣ «አላህ ይከተልሽ» ብሎኝ ተመለሰ። የማዳሟ መኪና መጣ። ሰዓዳ ወረደች፤ ማዳሟ መኪና ልታቆም ዞረች። ያችን ክፍተት ይዤ ሰዓዳን በእጇ ጎትቼ ቀጥታ ሐኪሟ ክፍል ገባሁ። ሳይጠሩን ነው የገባነው። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«ይህ ካርድ የእሷ ነው» አልሁ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ። «በሽታው የእኔ ነው። መድኃኒቱን ሁለታችንም ውጠናል።»

ሐኪሟ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። «ከሁለታችሁ የምታስለው ማናት?» አለች።

ኒቃቤን ገለጥሁ። «እኔ ነኝ።»

ተቆጣች። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ይህች ልጅ እርጉዝ ብትሆንስ? ጉበቷ የታመመ ቢሆንስ? ነገ አደጋ ደርሶባት ያንቺን ደም ዓይነት አይተው ደም ቢሰጧትስ?» አለች። ይህን አስበነው አናውቅም። ካርድ የተዋዋስን መስሎን ነበር፤ የተዋዋስነው ግን ሰውነታችንን ነው። እኛ ቆመን እናለቅሳለን፣ እሷ ስልክ አንስታ አንድ ሁለት ቦታ ትጠይቃለች። ስትጨርስ ድምጿ ወርዶ ነበር።

«ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም። ጊዜው ያለፈ ፓስፖርት ነው ያለኝ።»

«አምጪው። ይህ በሽታ ወረቀት ያለውንና የሌለውን አይመርጥም፣ ሕክምናውም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ እዚህ መጥተሽ ይህንኑ ብትነግሪኝ ኖሮ።»

«ዘበኛው አላስገባኝም።»

«እኔ ሐኪም ነኝ፤ ጀዋዛት አይደለሁም» አለችና፣ ጀዋዛት የስደተኛ ወረቀት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው፣ በስሜ አዲስ ፋይል አስከፈተች። የስድስት ወሩ ቆጠራ ከዚያ ቀን እንዲጀምር ወሰነች። ሰዓዳ ራጅ ተነሳች፣ አክታ ሰጠች፣ የጉበት ምርመራ ተደረገላት። ነጻ ናት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ተጻፈላት፤ ፋይሏም ተስተካከለ።

ማዳሟ ሁሉንም ሰማች። ልጆቿም ነጻ ነበሩ። ለሰዓዳ «በሽታውን እችለው ነበር፤ ውሸቱን ግን አልችልም» አለቻት። እኔን እንዳላየ ሰው አለፈችኝ። ልጆቿ ላይ የደረሰውን ድንጋጤ ሳስብ ልፈርድባት አልችልም። ፖሊስ አልጠራችም፣ ለዚህም አመሰግናታለሁ። በወሩ ሰዓዳን ኹሩጅ መትታ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫ አሠርታ፣ ወደ አገር ላከቻት። አውሮፕላን ማረፊያ ልሸኛት አልቻልሁም። በስልክ «መድኃኒትሽን እንዳትዘይ» አለችኝ።

አልዘለልሁም። ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሄድሁ። ሲያቅለሸልሸኝም፣ መገጣጠሚያዬን ሲቆረጥመኝም፣ የጅዳ ሙቀት አስፋልቱን ሲያቀልጠውም። ዘበኛው በኋላ ሲያየኝ በሩን ራሱ ይከፍትልኝ ጀመር። የመጨረሻው አክታ ንጹሕ ሆነ፣ ራጁም ጠባሳ ብቻ አሳየ። ሐኪሟ «መብሩክ» አለችኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ ነው። ደስታዬን የምነግራት ሰው ሰዓዳ ብቻ ነበረችና እዚያው ደጃፍ ላይ ደወልሁላት።

«ጨረስሁ!» አልኋት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ደስ ብሏታል፤ ግን ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። አስጨንቄ ጠየቅኋት።

ወሬው ቀድሟት አገር ቤት ገብቷል። ሰቢል ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ለእህቷ፣ እህቷ ለጎረቤት፣ በድምፅ መልእክት «ሰዓዳ ሳንባዋን ታማ ተባረረች» ብለው ላኩ። ሽማግሌ ልከው ቀን ቆርጠው የነበሩት፣ ሊያገባት የታሰበው ሰው ቤተሰቦች፣ የሠርጉን ቀን አራዘሙት። ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሳየቻቸው፤ ሸኹ ዐረብኛውን አንብበው ነጻ መሆኗን ነገሩላት፤ ቤተሰቦቹ ግን «ወረቀት ምን የማይጽፈው አለ» አሉ። ከሷ ጋር በአንድ ስኒ የሚጠጣ ጎረቤትም ጠፍቷል።

«ለምን ራህማ ናት አላልሽም?»

«እናትሽ ጎረቤታችን ናቸው» አለች። «በየቀኑ አያቸዋለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ስለዚህ ይህን ጻፍሁ። የምታስሉ ሁሉ ተመርመሩ፣ ወረቀት ባይኖራችሁም እውነቱን ለሐኪም ንገሩ፣ የሰው ኢቃማ ይዛችሁ አትታከሙ፤ ይህ ለሁላችሁም ነው። የሚቀጥለው ግን ለወረባቦ ልጆች ነው። ይህን ስልካችሁ ላይ ያገኛችሁ፣ የሰዓዳ ሰዎች ዘንድ ሂዱና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ሰዓዳ አንድም ቀን ሳንባዋን አልታመመችም። የታመምሁት እኔ ነኝ፣ የሰይድ ልጅ ራህማ። እናቴም እዚያ ካለች አብራ ትስማ።